የአጎቴ ባክቴሪያ የት ሄደ?

ባለፈው ነሐሴ ምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻከል፣ አጎቴ ጋ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጠን አብረን ማሳ ወረድን። ቀይ አፈር ነው፤ ጫማ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ የሚል። ከላይ ባቄላ፣ ከታች ግብጦ ተዘርቷል። የሚለያቸው አንድ ድንበር ብቻ ነው። ባቄላው ገርጥቷል፣ ቁመቱም ጉልበት አይደርስ። ግብጦው ደግሞ ማን አለብኝ ብሎ ቆሟል።

ከሁለቱም አንድ አንድ እግር ከነሥሩ ቆፍረን አወጣንና ቦይ ውሃ ውስጥ አለቀለቅናቸው። የባቄላው ሥር ላይ እዚህም እዚያም ጥቃቅን እብጠቶች አሉ፤ ቢቆጠሩ ከአሥር አይበልጡም። አንዷን በምላጭ ሰነጠቅኳት። ውስጧ ነጭ ነው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። የግብጦው እብጠት ሌላ ነው። ዋናውን ሥር እንደ አንገት ልብስ ጥምጥም ብሎበታል። ስሰነጥቀው ውስጡ ጥሬ ሥጋ መሰለ፣ ቀላ።

«በፍልሰታ ሥጋ ታሳየኛለህ?» አለኝ አያ። (አጎቴን አያ ነው የምለው።) ከዚያ ቀልዱን ተወውና የሆዱን አወጣ። «የባቄላውን ባክቴሪያ እኮ በገንዘቤ ገዝቼ ነው የዘራሁት። ለግብጦው ማንም አልገዛለትም። ታዲያ የእኔ የት ሄደ?»

እዚያ ቆሜ በቅጡ አልመለስኩለትም። ዝናቡም መልሶ መጣ። ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም፤ ሳይንቲስቶች ከመቶ ዓመት በላይ የለፉበት፣ አሁን ደግሞ የባክቴሪያን ጂኖም ፊደል በፊደል እያነበቡ የሚፈትሹት ጉዳይ ነው። እስቲ ከቀዩ ነገር እንጀምር።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ ተብሎ በኩንታል የሚሸጥልን ነገር ዋና ቁም ነገሩ ይኸው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ የአያ ማሳ በማዳበሪያ ባሕር ተከቧል ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ባሕሩ ተቆልፏል። በአየር ውስጥ ናይትሮጅን ሁለት ሁለት አተም ሆኖ በሦስት ማሰሪያ ግጥም ብሎ የተቆላለፈ ስለሆነ ተክል ሊፈታው አይችልም። ፋብሪካ ይፈታዋል፤ ግን ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአብዛኛው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። የጋዝ ዋጋ ዓለም ላይ ሲንር የዩሪያ ዋጋ እኛ ቀበሌ ድረስ የሚንረው ለዚህ ነው።

የጥራጥሬ ሥር እብጠት ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ይህንኑ ሥራ በማቻከል ብርድ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ያለ እሳት ይሠራዋል። መሣሪያው ናይትሮጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። መሣሪያው ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለበት፤ ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል። ባክቴሪያው ደግሞ ለመኖር መተንፈስ አለበት። እንግዲህ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ኦክስጅን ይጎዳዋል። ተክሉ ለዚህ ዘዴ አለው። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዘመድ የሆነ ሌግሄሞግሎቢን የሚባል ነገር ያመርትና ኦክስጅኑን ይዞ በጣት እየቆነጠረ ይሰጠዋል። አያ ሥጋ ያለው ቀይ ነገር ይኼ ነው። እብጠቱ ውስጡ ከቀላ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም፣ ወይም ውስጡ የገባው ሥራ የማይችል ባክቴሪያ ነው። ወደ አረንጓዴ ከሄደ አበቃለት። ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ምላጭ ይበቃል። ጊዜው ግን አበባ መያዝ ሲጀምር መሆን አለበት፤ እሸት ካፈራ በኋላ ብትሰነጥቁት ጤነኛውም አርጅቶ ነው የምታገኙት።

እብጠቱ የባክቴሪያ ቤት መሆኑ የታወቀው በ1880ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ሄልሪጌልና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ጥራጥሬ ናይትሮጅንን ከአየር እንደሚያገኝና ነገሩ ከሥሩ እብጠት ጋር እንደተያያዘ አሳዩ። በ1888 ቤየሪንክ የሚባል የኔዘርላንድ ሰው ባክቴሪያውን ከእብጠቱ ለይቶ አሳደገው። ገበሬው ባቄላ መሬት እንደሚያሳርፍ ያውቅ የነበረው ከዚያ በፊት ነው፤ ያልታወቀው ማን እንደሚሠራው ነበር።

አሁን ወደ አያ ጥያቄ የሚያስጠጋን ነገር ይመጣል። «የጥራጥሬ ባክቴሪያ» የሚባል አንድ ነገር የለም። እንደ ቁልፍና ቁልፍ ቀዳዳ ናቸው። የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የጓያ ባክቴሪያ አንድ ነው፤ ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም ይባላል። ሽምብራ የራሱ ወገን አለው፣ ሜሶራይዞቢየም። አኩሪ አተርና ግብጦ ደግሞ ብራዲራይዞቢየም ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ግን የአኩሪ አተሩ ለግብጦ አይሆንም። ስለዚህ የባቄላ ባክቴሪያ በፓኬት ገዝቶ በስኳር ውሃ ከሽምብራ ዘር ጋር መለወስ ስኳሩን መጣል ነው።

እንዴት ይተዋወቃሉ? በጠረን፣ ወይም ወደዚያ በሚጠጋ ነገር። ሥሩ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን አፈሩ ውስጥ ይለቃል። ትክክለኛው ባክቴሪያ ይህን ሲያገኝ ኖድ የሚባሉ ጂኖቹ ይነሡና የራሱን የመልስ ምልክት ይሠራል። ምልክቱ ለዚያ ተክል ከገጠመ የሥሩ ፀጉር ጫፉን አጠማዞ ባክቴሪያውን ያቅፈዋል፣ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ካልገጠመ በሩ አይከፈትም። ባቄላ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ አብጦ፣ ቅርጹ ተለውጦ፣ ናይትሮጅን ብቻ የሚሠራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አይራባም። እዚያው ሠርቶ እዚያው ያልቃል። ወደ አፈር ተመልሰው ዘር የሚተኩት እብጠቱ ውስጥ ሳይለወጡ የቀሩት ወንድሞቹ ናቸው።

ተክሉ ደግሞ የዋህ አይደለም። ለአንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ቢያንስ 16 ኤቲፒ፣ ማለትም 16 የጉልበት ምንዛሪ ይከፈላል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ተክሉ ከፀሐይ ከሠራው ስኳር ነው። እየበላ የማይሠራ ሲገባስ? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። አኩሪ አተር ላይ ነው። አንዳንድ እብጠቶች ናይትሮጅን በሌለበት፣ በምትኩ አርጎን የሚባል ጋዝ በተሞላ አየር ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። ባክቴሪያው ቢፈልግም መሥራት አይችልም። እዚያ ያለው ባክቴሪያ በሚሠራው ልክ ሳይራባ ቀረ፤ ተክሉ ኦክስጅን እንደቀነሰበት የሚያሳይ ምልክትም ተገኘ። የእኛ ሰው ላልሠራ ሠራተኛ ጠላ እንደማይቀዳ ሁሉ።

እሺ፣ ጂኖሙስ? ጂኖም ማለት የአንድ ፍጡር ሙሉ የዲኤንኤ ጽሑፍ ነው፣ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጽሑፍ 3.3 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነው። እሱም ቢሆን ብዙው የፈረሰ ነው፤ የሚሠሩ ጂኖቹ ወደ 1,600 ገደማ ናቸው። ለምን? ዕድሜ ልኩን ሰው ገላ ውስጥ ተመቻችቶ ስለሚኖር ብዙ ሙያ አያስፈልገውም፤ ያልተጠቀመበት ረግፏል። የባቄላው ራይዞቢየም ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጂኖሙ ሲነበብ፣ 7.75 ሚሊዮን ፊደልና ከ7,000 በላይ ጂን ተገኘበት። የአኩሪ አተሩ ዘመድ ከ9 ሚሊዮን ያልፋል። ዓይን የማያየው ነገር!

አፈር ውስጥ መኖር ማለት ሁሉን መቻል ማለት ስለሆነ ነው። በጋ አፈሩ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ይጠመቃል። ዛሬ የጤፍ ገለባ ይበሰብሳል፣ ነገ የበሬ እበት ይወድቃል፣ ከነገ ወዲያ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ይፈስበታል። ጎረቤቱ መርዝ ይረጭበታል፤ ይህ ቀልድ አይደለም፣ ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲስ ከሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው። በነገራችን ላይ በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ አቧራው ላይ ጠብ ሲል የሚያውደን ሽታ በአብዛኛው የእነዚሁ የስትሬፕቶማይሲስ ወገኖች ሥራ ነው፤ ጂኦስሚን ይባላል።

የጂኖሙ አቀማመጥ ደግሞ ከመጠኑ ይብሳል። የባቄላው ራይዞቢየም አንድ ትልቅ ክሮሞዞም አለው። ከሱ ሌላ ስድስት ፕላስሚዶች አሉት። ፕላስሚድ ማለት ተንጠልጥሎ የሚሄድ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ የሚችል የዲኤንኤ ቀለበት ነው። ክሮሞዞሙን የቤቱ ምሰሶና ማገር በሉት፤ ለመኖር የግድ የሚሉ ጂኖች ያሉት እዚያ ነው። ፕላስሚዱ አገልግል ነው። የባቄላን በር የሚከፍቱት ጂኖችና ናይትሮጅኔዝን የሚሠሩት ጂኖች የተቀመጡት ምሰሶው ላይ ሳይሆን አገልግሉ ውስጥ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ማገጥን አስቡ። ያቺ በመስከረም መስኩን የምትሞላዋ፣ ከብቶች የሚወዷት ሣር መሳይ፣ እሷም የጥራጥሬ ወገን ናት። ሥሯ ላይ ያለው ባክቴሪያ ከባቄላው ጋር አንድ ስም አለው፣ ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም። ምሰሶው ያው ነው። አገልግሉ ብቻ ሌላ ነው። የማገጡን አገልግል የያዘው ባቄላ በር ላይ ቢቆም አይከፈትለትም። አገልግሉን ከቀየረ ግን ሙያውም ይቀየራል። እንግዲህ የባክቴሪያ ስም ብቻ ጠርቶ «ይህ የባቄላ ነው» ማለት፣ ሰውን በቤቱ ዓይነት አይቶ ሙያውን እንደመገመት ነው።

ኒውዚላንድ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። ሎተስ የሚባል የመኖ ተክል አለ፣ ለአገሩ መጤ። የሚስማማው ባክቴሪያ አፈሩ ውስጥ ስለሌለ አንድ ዓይነት፣ አንድ ብቻ፣ ባክቴሪያ ከዘሩ ጋር ተለውሶ ተዘራ። ከሰባት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ተመልሰው እብጠቶቹን ሲፈትሹ ውስጣቸው የተገኙት ብዙዎቹ ያ የተዘራው አልነበሩም። የአገሬው አፈር ተወላጆች ናቸው። ግን ሁሉም ያንኑ የመጤውን የሙያ ጂን ይዘዋል። መጤው 500,000 ፊደል ያህል የሚሆን ቁራጭ፣ የሙያውን ሙሉ ጥቅል፣ አፈር ውስጥ ለነበሩ ለሩቅ ዘመዶቹ አስተላልፎላቸዋል። እነሱም ለአፈሩ አዲስ ስላልሆኑ፣ ብርዱንም የአፈሩን ኮምጣጣነትም ስለሚያውቁት፣ ሙያውን ይዘው በሩን ሞሉት። ይህ የተደረሰበት በ1995 እና በ1998 (እ.ኤ.አ.) በታተሙ ሥራዎች ነው።

ይህ ዜና ሁልጊዜ ደስ አይልም። ሙያውን ከወሰዱት አንዳንዶቹ በር መክፈት ይችላሉ፣ ናይትሮጅን ግን በቅጡ አይሠሩም። ፓኬት የገዛ ገበሬ የሚገጥመው ፈተናም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አፈሩ ውስጥ ቀድሞ የኖረው ባክቴሪያ ብዙ ነው፣ ቦታውን ያውቃል፤ ከፓኬት የወጣው ምርጥ ሠራተኛ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ቦታው ይያዛል። ምርጥነት ብቻውን አያስገባም።

የዚህ ቤተሰብ ክፉ ልጅም አለ፤ እሱን በአጭሩ። አግሮባክቴሪየም ይባላል፣ የራይዞቢየም የሥጋ ዘመድ ነው። እሱም አገልግል አለው፣ ውስጡ ያለው ግን ሌብነት ነው። ከዲኤንኤው ቁራጭ ቆርጦ ተክሉ ጂኖም ውስጥ ይሰካና ተክሉን ለራሱ ቀለብ እንዲያመርት ያስገድደዋል። ግንድ ላይ ዕጢ ያወጣል። የሰው ልጅ ይህን አይቶ ዘዴውን ቀማው፤ ዛሬ በላቦራቶሪ ብዙ ተክል ላይ ጂን የሚገባው በዚህ ሌባ ጀርባ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። ከአፈር የምንወስዳቸውን ባክቴሪያዎች ብዙዎቹን ሳህን ላይ ማሳደግ አይቻልም፤ የሚያድጉት ከመቶ አንድ ያህሉ ናቸው ይባላል። ድሮ ሰው የሚያውቀው ያንን አንዱን ብቻ ነበር። ካርል ዎዝ የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ መንገዱን አሳየ፤ ሁሉም ፍጡር ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚለወጥ የራይቦዞም (የሴል ፕሮቲን መሥሪያ) ቁራጭ አለ፣ እሱን ማነጻጸር ዝምድናን ይነግራል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያውን ማሳደግ ቀረ። አንድ ማንኪያ አፈር ተወስዶ ዲኤንኤው ተጠርጎ ይወጣል፣ ፊደሉ ይነበባል፣ ማን ማን እንዳለ ይቆጠራል። ሠርግ ቤት ገብቶ እንግዳውን በጫማው እንደ መቁጠር በሉት።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከ18 አገሮች፣ ከ237 ቦታዎች የተሰበሰበ አፈር በዚህ መንገድ ተነበበ። ከተገኙት ዓይነቶች 2 በመቶ ያህሉ፣ 500 ገደማ የሚሆኑት፣ ከዓለም የአፈር ባክቴሪያ ብዛት ግማሽ ያህሉን ይዘው ተገኙ። ከእነዚህ የብዙዎቹ ጂኖም አልተነበበም፤ ስም የሌላቸው ሞልተዋል።

ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ2006 (እ.ኤ.አ.)፣ ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ 98 አፈር ተወስዶ ሌላ ጥያቄ ተጠይቆ ነበር። አፈር ውስጥ ማን እንደሚኖር የሚወስነው ምንድነው? ሙቀት? ዝናብ? ከፍታ? የጮቄን ተራራ ለሚያውቅ ከፍታ ነው ማለት ይቀለዋል፤ ላይ ጅብራ፣ ታች ዓባይ በረሃ ሌላ አገር። ለባክቴሪያ ግን እንደዚያ አይደለም። ከሁሉ በላይ የወሰነው የአፈሩ ኮምጣጣነት፣ ፒኤች የሚባለው ነው። ደረቁ፣ ፒኤቹ መካከለኛ የሆነው አፈር በባክቴሪያ ዓይነት ሀብታም ሆነ። ዛፉና ወፉ ተቆጥሮ የማያልቀው የፔሩ አማዞን፣ አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ፣ በባክቴሪያ ዓይነት ድሃ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ የአያ ባክቴሪያ የጠፋበት ቦታ ይታያችኋል።

የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር፣ ከማቻከልና ጎዛምን እስከ ባንጃና አዊ ድረስ፣ ኮምጣጣ ነው። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማነት እንደነካው ይነገራል። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዶታል። ምርቱ ከነገለባው ተነሥቶ ይሄዳል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ወደ አፈሩ የሚመለስ የለም። ማዳበሪያውም የራሱን ኮምጣጤ ይጨምራል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በጭቃው ውስጥ ተሳስሮ የነበረው አልሙኒየም ይፈታና ሥርን ይመርዛል። ፎስፎረስ ከብረትና ከአልሙኒየም ጋር ተጣብቆ ይታሰራል። ፒኤች ደግሞ በአንድ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል፤ 6 እና 5 ተቀራራቢ ቁጥር ይመስላሉ እንጂ አይደሉም።

የባቄላው ራይዞቢየም ይህን አይወድም። ምልክት መለዋወጡ ይደናቀፋል፣ ቁጥሩ ይመነምናል። ሌላም ስውር ነገር አለ። ናይትሮጅኔዝ ሲሠራ ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን እፍኝ እንኳ የማይሞላ ይፈልጋል፤ አፈር ሲኮመጥጥ ሞሊብዲነምም እምቢ ብሎ ይታሰራል። ስለዚህ ባክቴሪያው ተርፎ እብጠቱ ውስጥ ቢገባም እንኳ መሣሪያው ሊጎድልበት ይችላል።

ግብጦስ? ግብጦ ሁለት ነገር አለው። አንደኛ ጓደኛው ብራዲራይዞቢየም ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ግን ኮምጣጤ የሚችል ወገን። ሁለተኛው ሥሩ ራሱ ነው። ፎስፎረስ ሲያጣ ግብጦ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያለ አጫጭር ሥር ያወጣል፤ ከዚያ የሎሚ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ ሲትሬት ያፈስና በአልሙኒየም የታሰረውን ፎስፎረስ ያስፈታል። እኛ ግብጦን የምናውቀው ምሬቱን ለማውጣት ወንዝ ውስጥ በጆንያ ታስሮ ሲከርም፣ ኋላ ከአረቄ ጋር ሲቆረጠም ነው። ድሃ አፈር ላይ ይዘራል ብለን እንንቀዋለን። እሱ ደግሞ እዚያ ሌላው የማይችለውን እየሠራ ነው።

አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ የሄደ ሰው ተመሳሳይ ነገር በዛፍ መልክ አይቷል። ዲከረንስ! ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ነው፣ የጥራጥሬ ዘመድ፣ ሥሩም ላይ ያሉት እንደ ግብጦው ብራዲራይዞቢየም ናቸው። ገበሬው ኮምጥጦ እህል እምቢ ያለውን መሬት በዲከረንስ ይሸፍናል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ ጤፍ ይዘራበታል። ለከሰሉ ብሎ የጀመረው ሥራ ሥሩ ሥር ናይትሮጅን ሲያስገባለት ከረመ።

ወደ ፓኬቱ ልመለስና አያን ጠየቅኩት፦ ከገዛህ በኋላ የት አስቀመጥከው? ከቆርቆሮው ሥር፣ ከመደርደሪያው ላይ፣ ሁለት ሳምንት። ቆርቆሮ ሥር በግንቦት! ፓኬቱ 125 ግራም ጥቁር ዱቄት ነው፣ ግን ውስጡ ያለው በሕይወት ያለ ነገር ነው፤ ሙቀት ይገድለዋል። ሕያው ማዳበሪያ የተባለውም ለዚያ ነው። ቀዝቃዛ ቦታ፣ ቀኑ ሳያልፍ። ከዚያስ? በስኳር ውሃ ከዘሩ ጋር ለወሰው። እስከዚህ ልክ ነው። በጥላ ሥር? «ኧረ ተወኝ፣ ማሳው ላይ ነው የለወስኩት፣ ፀሐይ ነበር።» ከዚያ የተለወሰውን ዘር ከኤንፒኤስ ጋር ደባልቆ ዘራው። ያ ጨውም ኮምጣጤም ነው፣ የተረፈውን ጨረሰው። ማዳበሪያው ከዘሩ ፈንጠር ብሎ ነው መግባት ያለበት። ሸጭው ይህን አልነገረውም፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ደግሞ አያ ያለ መነጽር አያነብም።

ከዚህ ሁሉ ያመለጠ ጥቂት ባክቴሪያ ቢኖር ፒኤቹ ይጠብቀዋል። ፒኤቹን ቢችል ነባሮቹ በሩን ይዘውታል። የአያ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ አልሞተም፣ አምስት ጊዜ ነው የሞተው።

«ጓሮ ያለው ባቄላስ?» አለኝ። ጓሮ ሄድን። እማማ አመድ የሚደፉበት፣ እበት የሚጣልበት ቦታ ነው፤ አመድ ደግሞ እንደ ኖራ ኮምጣጤ ይሰብራል። ጓሮው ላይ ማንም ፓኬት አልለወሰም። ባቄላው ደረቴ ይደርሳል። አንድ እግር ነቀልን፣ ሰነጠቅኩ፣ ቀይ። እብጠቱም እንደ ዘለላ ተንጠልጥሏል። አገሬው የባቄላ ባክቴሪያ እዚሁ ቤቱ ሥር ነበር፤ ቦታ ያጣው ማሳው ላይ ነው።

አያ ወዲያው ገባው፤ ገበሬ አይደል። «ታዲያ ከዚህ አፈር በአህያ ጭኜ ማሳው ላይ ብበትንስ?» የሚገርመው አውሮፓ ውስጥ ፓኬት ሳይመጣ ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ ባቄላ ከበቀለበት መሬት አፈር እየጫኑ። የመጀመሪያው የሚሸጥ የባክቴሪያ ምርት እ.ኤ.አ. በ1896 ጀርመን ውስጥ ወጥቶ ነው ያ የቀረው። እሺ ልለው ነበር። ግን ጓሮው ጥግ ላይ የጠወለገ ድንች አየሁ። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ዝልፍልፍ ብሏል፣ አፈሩ እርጥብ ነው።

ከግንዱ ጣት የሚያህል ቆርጬ በጠራ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ነክሬ ያዝኩት። ደቂቃ አልሞላም። ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ክር ቀጭን፣ ነጭ፣ ወተት መሳይ ነገር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ራልስቶኒያ ነው፣ የድንች አጠውልግ ባክቴሪያ። የውሃ መተላለፊያ ቧንቧውን ሞልቶ ተክሉን በጥማት ይገድለዋል። በርበሬና ቲማቲምም አይምርም። እሱም ትልቅ ጂኖም አለው፣ 5.8 ሚሊዮን ፊደል፣ በክሮሞዞምና በአንድ ግዙፍ ፕላስሚድ ተከፍሎ፤ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። በአፈር፣ በውሃ፣ በዘር ድንች፣ በዶማና በጫማ ይሄዳል። ወዳጁም ጠላቱም ያሉት አንድ አካፋ አፈር ውስጥ ነው።

«ከዚህ ጓሮ አንድ ቅርጫት አፈር እንዳታወጣ» አልኩት። ብርጭቆውን አንሥቶ ወደ ብርሃን አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ እማማን ጠርቶ አሳያቸው። ብርጭቆው የአረቄ መሆኑን ሲያዩ እማማ በእኔ ተቆጡ።

ዘንድሮ በሰኔ ደውሎልኝ ነበር። የግብርና ኖራ አግኝቷል፤ ግን መሬቱ በሄክታር በአሥሮች የሚቆጠር ኩንታል ኖራ ነው የሚፈልገው፣ ትራንስፖርቱም ከኖራው ይብሳል። ያገኘው ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ብቻ በቃ። ከመዝራቱ ቀደም ብሎ በትኖ አርሶ አዋሕዶታል። ፓኬቱን ውሃ እንስራው አጠገብ ነው ያስቀመጠው፣ ልጁን መነጽር አስደርጎ አስነብቦታል (ልጁ መነጽር አያስፈልገውም ነበር)፣ ዘሩን ዋርካው ጥላ ሥር ለወሰው። በቀረው መሬት ላይ ኖራ አላደረገም። ግብጦ ዘራበት።